አሮጌ ቢኤምደብልዩን ለደንገጎ አቀበት ማዘጋጀት፦ በቤት ግቢ የሚሠራ የጥገናና የማሻሻያ መመሪያ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ያረጀ መኪናን ጉድለት ለማውጣት ከብዙ ጋራዥ መሣሪያ ይበልጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ሐረማያ ሲደርስ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ረጅም በማይባል ርቀት፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተቱ፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። መኪናው የማቀዝቀዣ ውሃው የማይታመን ከሆነ ሲወጣ፣ ፍሬኑ የማይታመን ከሆነ ደግሞ ሲወርድ ይታወቃል።

እዚህ የምጽፈው በእጄ ስላለው መኪና፣ ኢ36 በሚባለው ትውልድ ስለተሠራው ቢኤምደብልዩ 325አይ ነው። ይህ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የእኔው ባለ 2.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ኤም50 የሚባል ሞተር የተገጠመለት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ ማቆየት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ብዙ ወጣት ባለቤቶች ሥራውን ከማርሚታና ከሞላ ይጀምራሉ፤ እኔ ግን ከውሃ፣ ከፍሬንና ከጎሚኒ (በመገጣጠሚያዎች መካከል ከሚገባው ላስቲክ) ተነሥቼ ጉልበትን መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ። ቅደም ተከተሉን እንድለውጥ ያደረገኝን ከታች እናገራለሁ።

ቦታ፣ ሰዓትና መሣሪያ

ሥራውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ያቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በድሬዳዋ ፀሐይ ሥር ቁልፍ የሚያዝበት አይደለም፤ የደከመና ያላበው ሰው ደግሞ በአሉሚኒየም ላይ ያለውን የብሎን ጥርስ ያበላሻል። መሬቱ ሲሚንቶ ካልሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። መኪናውን በክሪክ ካነሡ በኋላ ካቫሌቶ በምንለው የብረት መደገፊያ ላይ ሳያሳርፉ ከሥሩ አይግቡ። በየሰፈሩ እንደሚታየው በብሎኬት መደገፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፣ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል።

ከተለመዱት ቁልፎች ሌላ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ራዲያተሩን ለሚያቀዘቅዘው ቬንቲላተር የሚሆን ቀጭን 32 ሚሊሜትር ቁልፍ፣ ለፍሬኑ የሚሆን ባለ ስድስት ጎን 7 ሚሊሜትር ቁልፍ፣ እንዲሁም የማጥበቂያውን ኃይል በኒውተን ሜትር የሚለካው ቶርክ ሬንች። የመጨረሻው ውድ ቢሆንም ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ይቻላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳይፈቱ የኤሌክትሪክ ክፍል አይንኩ፤ በዚህ መኪና ባትሪው ከሞተሩ ጋር ሳይሆን ኋላ፣ ከሻንጣ ማስቀመጫው በስተቀኝ ነው።

መለዋወጫ ሲያዝዙ የሻሲ ቁጥሩን የመጨረሻ ሰባት ፊደላትና ቁጥሮች ይዘው ይቅረቡ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይምጣ ከጅቡቲ በኩል፣ «የቢኤም ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ዓመት ልዩነት የተሠሩ ሁለት መኪኖች የተለያየ ክፍል ሊወስዱ ይችላሉ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሞተሩን ይመርምሩ

ሞተሩ የማይረባ ከሆነ ቀሪው ወጪ ሁሉ ከንቱ ስለሆነ በመጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ ይለካል። ሞተሩን ካሞቁ በኋላ ያጥፉት፤ የነዳጅ ፓምፑን ሪሌ ይንቀሉ፤ በየካንዴላው ላይ የተቀመጡትን ስድስቱን እሳት ሰጪ ኮይሎች አውጥተው ካንዴላዎቹን በሙሉ ይፍቱ። ከዚያ ረዳትዎ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ የሞተር ማስነሻውን ሞተሪኖ ሲያዞር በየሲሊንደሩ ያለውን ግፊት ይመዝግቡ። እዚህ የሚገኘው ቁጥር በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ማነሱ አያስደንግጥዎ፤ አየሩ የሳሳ ነው። ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከአሥር በመቶ በላይ ካነሰ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው እንደገና ይለኩ። ግፊቱ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) አልቋል፤ ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ ይዞራል።

የውሃ ሥርዓቱ

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። መኪናውን በገዛሁ በሁለተኛው ወር፣ አዲስ ማርሚታ አስገጥሜ በድምፁ እየተደሰትሁ ደንገጎን ስወጣ፣ ከራዲያተሩ ላይ የላይኛውን ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) የሚይዘው የፕላስቲክ አንገት ተቆረጠ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሃል አልተንቀሳቀሰም። ሴንሰሩ የሚለካው በዙሪያው ያለውን ውሃ ነውና፣ ውሃው ፈስሶ ካለቀ በኋላ በእንፋሎት ውስጥ ቀርቶ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም። የዚህ ሞተር ብሎክ የብረት፣ ቴስታታው የአሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን የተለያየ ስለሆነ ያለ ውሃ በሄድኩባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ቴስታታው ጎበጠ። የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ የሆኑት ጎረቤቴ መኪናው ተጎትቶ ሲገባ አይተው፣ «አቦ፣ አንተ ጩኸቱን ገዛህ እንጂ መኪናውን መቼ ገዛኸው!» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከፍታ ለዚህ ሥርዓት ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። ንጹሕ ውሃ በድሬዳዋ ከፍታ በ96 ዲግሪ፣ በሐረማያ ከፍታ ደግሞ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው የዚህ ሞተር ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ92 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ አቀበቱ ጫፍ ላይ ውሃው ሊፈላ የቀረው አንድ ዲግሪ ነው ማለት ነው። ክዳኑ ጤነኛ ሲሆን ግን ውስጡ በሚይዘው ግፊት ምክንያት የመፍያው ነጥብ ከ120 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከሥርዓቱ ሁሉ ርካሹ ክፍል ይህ ክዳን ነው፤ ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ሳያመነቱ ይቀይሩት።

በእድሜ የሚበላሹት ክፍሎች ይታወቃሉ፦ የራዲያተሩ የፕላስቲክ አንገት፣ የቴርሞስታቱ የፕላስቲክ ቤት፣ ውሃውን የሚገፋው የውሃ ፓምፑ የፕላስቲክ ምላስና ማኒኮቶዎቹ። ታሪካቸውን የማያውቁት መኪና ከሆነ አንዱን ለይቶ መቀየር ገንዘብ ቆጣቢ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አዲሱ ክፍል የሚይዘውን ግፊት ያረጀው ጎረቤቱ አይችለውምና ሁሉንም በአንድ ጠዋት ይቀይሩ። የራዲያተሩን አንገት በጥፍርዎ ጫን ብለው ይሞክሩት፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ከሄደና እየተፈረፈረ ከወጣ ዕድሜው አልቋል።

ሥራው የሚጀመረው መኪናው አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ክዳኑን ይክፈቱ፤ ራዲያተሩ ግርጌ ያለውን የፕላስቲክ ብሎን በካቻቢቴ ፈትተው ውሃውን በሳፋ ይቀበሉ። ያረጀ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ግቢ ውስጥ አያፍሱት፤ የጎረቤት ፍየል ቀምሳው የሚመጣውን ጣጣ በሽምግልና እንኳን መጨረስ አስቸጋሪ ነው።

ቀጥሎ ቬንቲላተሩ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቬንቲላተሩን የሚይዘው 32 ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው፤ ከመኪናው ፊት ቆመው ሲያዩት የሚፈታው ወደ ቀኝ፣ ማለትም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር ነው። ቁልፉን አስገብተው በመዶሻ አንድ ጊዜ ቆረጥ አድርገው ሲመቱት ይላቀቃል፤ በዝግታ ለመፍታት ከታገሉ ፑሌው አብሮ ይዞራል። ቬንቲላተሩ ከወጣ በኋላ ቺንጊያውን ያላሉ፣ ፑሌውን ያውጡ፣ አራቱን የፓምፕ ዳዶዎች ይፍቱ። ፓምፑ ተጣብቆ እምቢ ካለ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት። በፓምፑ ፊት ላይ ጥርስ የተበጀላቸው ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለት ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎኖችን አስገብተው አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውንም ግማሽ ዙር እያፈራረቁ ሲያጠብቁ ፓምፑ ራሱን እየገፋ ይወጣል። ምላሱ ከብረት የሆነ ፓምፕ ይምረጡ፤ የፕላስቲኩ ሲሰበር ስብርባሪው ሞተር ውስጥ ይቀራል። አዲሱን ሲገጥሙ የጎማ ቀለበቱን በኩላንት ያርጥቡት፤ ዳዶዎቹን ደግሞ ከ10 ኒውተን ሜትር አያሳልፉ።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠምዎ በፊት በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥለው፣ ቴርሞሜትር ይዘው እሳት ላይ ይሞክሩት። ውሃው እዚህ በ96 ዲግሪ ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አያዩትም፤ መከፈት መጀመሩን ማየት ይበቃል። የቴርሞስታቱን ቤት በአሉሚኒየም መቀየር ከማሻሻያዎች ሁሉ መጀመሪያ የምመክረው ነው።

ስለሚጨመረው ውሃ። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያዎን ገልብጠው ውስጡን ቢያዩት ነጩ ቅርፊት ይህን ይመሰክራል፤ ያው ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ስለዚህ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ይቀላቅሉ፤ አጠቃላዩ አሥር ሊትር ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሲገዙ ጠርሙሱን በደንብ ያንብቡ፤ በአንዳንድ ሱቅ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ።

አየር ማስወጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። የመኪናውን ፊት ከኋላው ከፍ አድርገው ያቁሙ። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ያድርጉ፤ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን በማዞር የማሞቂያው ቫልቭ እንዲከፈት ያድርጉ። ከክዳኑ አጠገብ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልተው ኩላንቱን በቀጭኑ ያንቆርቁሩ። በመጀመሪያ አየር ብቻ፣ ቀጥሎ ከአረፋ ጋር የተቀላቀለ ፈሳሽ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሲፈስ ብሎኑን ይዝጉ። ብሎኑ ፕላስቲክ ስለሆነ በሁለት ጣት የሚጠብቀው ይበቃዋል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ጋቢና ውስጥ የሚገባው አየር ትኩስ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሞተሩ ሞቆ ጋቢናው ቀዝቃዛ ከሆነ አየር ቀርቷል ማለት ነውና አቀዝቅዘው ይድገሙት።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሌክትሪክ ቬንቲላተር ሁለት ፍጥነት አለው፤ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ በ91 እና በ99 ዲግሪ በሚሠራ ስዊች ይታዘዛል። ይህን በ80 እና በ88 ዲግሪ በሚሠራው መተካት ለቆላ ከተማ በእጅጉ የሚጠቅም ርካሽ ማሻሻያ ነው፤ ጥርሱና የሶኬቱ ቅርፅ አንድ መሆኑን ግን አመሳክረው ይግዙ።

ፍሬን

ከሐረር ሲመለሱ ያው ቁልቁለት በፍሬን ላይ ይመጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 155 ዲግሪ ብቻ ነው ሳይፈላ የሚቆየው። የፈላ ዘይት አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃልና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። አየር የሚወጣው ከሩቁ ጎማ ተጀምሮ ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። ረዳትዎ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ እርስዎ ማስወጫውን ሩብ ዙር ከፍተው ይዝጉ፤ ከዘጉ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» ይበሉት። የዘይት ማጠራቀሚያው በመካከል እንዳያልቅ ይከታተሉ፤ ቀለም ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ ይጠቡት።

የፍሬን ሸራ ለመቀየር፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን ካሊፐር የያዙትን ሁለት ዘንጎች በ7 ሚሊሜትሩ ቁልፍ ይፍቱ። ካሊፐሩ በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ በሽቦ ከሞላው ጋር አስረው ያንጠልጥሉት። ዘንጎቹን አጽድተው ደረቃቸውን ይመልሱ፤ ግሪስ አቧራችንን ይሰበስብባቸዋል። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት በራሱ በዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ በካሊበር ለክተው ያመሳክሩ። ለውድድር የተሠራ ሸራ አይግዙ፤ ሳይሞቅ አይዝም፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በዝግታ ሲነዱ ደግሞ መቼም አይሞቅም።

ጎሚኒና ሞላ

መኪናው በቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ጭራውን የሚያወዛውዝ ከመሰለዎት የኋላ ክንዶቹ ጎሚኒ አልቋል። አዲስ የላስቲክ ጎሚኒ ሲገጥሙ ብሎኑን መኪናው በአየር ላይ እያለ አያጥብቁት፤ ጎማው መሬት ይዞ ክብደቱ ካረፈ በኋላ ነው የሚጠብቀው። አለበለዚያ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይኖርና በጥቂት ወራት ይቀደዳል።

ሞላ በግራይንደር አስቆርጦ መኪናን ማስተኛት በከተማችን በሳቢያን ሰፈር ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። የተቆረጠ ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ የዘይት ገንዳው ደግሞ ዝቅ ብሎ ኮብልስቶኑን ያገኘዋል። ከፍታውን እንዳለ ትተው አሞርዛተሩን (የንዝረት ማብረጃውን) በጥሩ ዓይነት መቀየር ይሻላል። ከዚህ ሥራ በኋላ የጎማ አላይመንት ማስለካት ግዴታ ነው፤ ይህ በቤት አይሠራም።

ዘይት፣ አየርና ጉልበት

የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው 6.5 ሊትር ይወስዳል። ፊልትሮው ከላይ፣ በክዳን ውስጥ ያለ የወረቀት ዓይነት ስለሆነ ለመቀየር ቀላል ነው፤ አሮጌውን ቀደው በእጥፋቶቹ መካከል የሚያብረቀርቅ ብናኝ መኖሩን ይመልከቱ።

ይህ ሞተር ከፋብሪካ 192 የፈረስ ጉልበት ይዞ ይወጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣልና ሐረር ላይ የሚቀረው 155 አካባቢ ነው፤ ይህን ማርሚታም ሆነ የአየር ፊልትሮ አይመልሰውም። ኮፈን ሥር ክፍቱን የሚቀመጥ ክብ ፊልትሮ ጉዳቱ ያመዝናል፤ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል፣ የድሬዳዋንም ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል። የፋብሪካውን የወረቀት ፊልትሮ ከነሳጥኑ ይዘው በየጊዜው መቀየር፣ ካንዴላዎችን ማደስ፣ የተሰነጠቁ የአየር ቱቦዎችን መተካት ግን በከፍታ ሳይሆን በእርጅና የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የሚፈልገው «ተጨማሪ» ጉልበት ይኸው የጠፋው ነው። ሞተሩን ራሱን መቀየር የሚያስብ ሰው የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የሚመዘገብ መሆኑን አስቀድሞ ያስብበት።

የሙከራ ጉዞ

መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይንዱ፤ ያቀዝቅዙ፤ የኩላንቱን ከፍታ አይተው የጎደለውን ይሙሉ። የጎማ ብሎኖቹን በ100 ኒውተን ሜትር እንደገና ይፈትሹ። ከዚያ በማለዳ፣ አምስት ሊትር ውሃ ይዘው፣ የጋቢና ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ደንገጎን ይውጡ። ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ፤ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። ክዳኑን አይንኩ፤ ኮፈኑን ከፍተው በእጅ ባትሪ የማኒኮቶዎቹን ጫፎች፣ የማኒኮቶ ማሰሪያ የሆኑትን የፋሼታዎቹን ዙሪያና የፓምፑን ሥር ይመልከቱ፤ የደረቀ ኩላንት ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱካ ይተዋል። ሲወርዱ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ታች ሲደርሱ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ሙቀት ካለው ያ ካሊፐር ተይዟልና በማግሥቱ ጠዋት ከእሱ ይጀምሩ።